ሰርዶውስ ምን ይላል? ስለ «ባዕድ» እና «ያገር ልጅ» አፖች የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከስልክ ስልክ ሲዟዟር ሰነበተ። ለእኔም ከየአቅጣጫው ደረሰኝ። «አንብበው፣ ልክ ብሏል» የሚል ማስታወሻ አብሮት ነበር። አነበብኩት። ግማሹ ልክ ነው። ይህ ምላሽ ስለ ሌላው ግማሽ ነው።

ላላነበባችሁት ባጭሩ፣ ጸሐፊው የሚሉት ይህን ነው። ቲክቶክ የቻይና ጆሮ ጠቢ ነው። ፌስቡክና ጉግል ደግሞ የአሜሪካ። ስለዚህ የውጭ አፖችን ከስልካችሁ አጥፉ፤ በምትካቸው ያገር ውስጥ ይሠራ፤ ሰርቨሩም፣ ማለትም ዳታው የሚቀመጥበት ኮምፒውተር፣ እዚሁ ይቀመጥ። ያገር ኩባንያ የራሳችን ነው፤ አይሸጠንም፤ ቢያጠፋም እዚሁ እንጠይቀዋለን። ቻይናና ሕንድ እንዲህ አድርገው ተሳክቶላቸዋል። ከወገኑ የሚደብቀው ነገር ያለው ደግሞ ጥፋት ያለበት ሰው ብቻ ነው። ሲጨርሱም ተረት ጣል ያደርጋሉ፦ «ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ»።

ተረቱን እወደዋለሁ። ግን ሲጠቅሱት አንድ ነገር ያመለጣቸው ይመስለኛል። እዚህ ጨዋታ ውስጥ እኛ ተጠቃሚዎቹ በሬው አይደለንም። ሰርዶው ነን። ለሚጋጥ ሰርዶ ደግሞ የበሬው አገር ብዙም አይጠቅመውም።

እስቲ ነጥብ በነጥብ እንሂድ። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ የአዋጅ ቁጥር ካልሆነ በቀር።)

«ቲክቶክ ጆሮ ጠቢ ነው።» ይህን ፍርሃት ተራ ወሬ ነው ብዬ አላጣጥለውም። የቲክቶክ ወላጅ ኩባንያ ባይትዳንስ የተመሠረተው ቤጂንግ ነው። ቻይና በ2017 ያወጣችው የስለላ ሕግ ድርጅቶችም ዜጎችም ከመንግሥት የስለላ ሥራ ጋር እንዲተባበሩ ያዛል። በታኅሣሥ 2022 ደግሞ ባይትዳንስ ራሱ አመነ። ሠራተኞቹ የጋዜጠኞችን የቲክቶክ ዳታ ከፍተው አይተዋል። ምክንያቱ ቀላል ነበር፤ ከኩባንያው ውስጥ ማን ወሬ እንደሚያቀብላቸው ማወቅ ፈልገው ነው። የጋዜጠኞቹ ስልክ ኢንተርኔት የገባበትን አድራሻ ከሠራተኞቹ ጋር አስተያዩት። አንድ ቦታ ተቀጣጥረው እንደሆነ ለማየት። አራት ሰዎች ከሥራ ተባረሩ። ሁለቱ ቻይና፣ ሁለቱ አሜሪካ የሚሠሩ ነበሩ።

እስከዚህ ድረስ ከጸሐፊው ጋር ጠብ የለኝም። ጠቤ ከዚህ ተነሥተው በሚዘሉት ዝላይ ነው። «ባዕድ ስለሆነ ሰለለ» ይላሉ። እኔ ደግሞ «ስለቻለ ሰለለ» እላለሁ። ዳታው እጁ ላይ ነበር። ከልካይ አልነበረውም። ከዚያ ምክንያት መጣ። ለዚህ ለዚህ ቻይናዊ መሆን አያስፈልግም።

ጸሐፊው «አሜሪካ እንኳ ፈርታ ሕግ አወጣች» ስላሉ እዚያው አሜሪካ ትንሽ እንቆይ። እውነት ነው። በሚያዝያ 2024 ባይትዳንስ ቲክቶክን ይሽጥ፣ አለዚያ ይዘጋ የሚል ሕግ ወጣ። በጥር 2025 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ያለ ልዩነት አጸናው። ነገር ግን ያችው አሜሪካ የራሷን ኩባንያዎች የምትይዝበት አንድ ወጥ የፌዴራል የዳታ ጥበቃ ሕግ አልነበራትም። የውጩን በር ዘጋች፤ የጓዳው ክፍት ነው።

የጓዳው በር ክፍት ሲሆን ምን እንደሚመጣ ለማየት ኤክዊፋክስን ማንሣት ይበቃል። ኤክዊፋክስ የአትላንታ ኩባንያ ነው። ማን ስንት ተበደረ፣ በጊዜው ከፈለ ወይስ አልከፈለም የሚለውን መዝግቦ ለአበዳሪዎች ይሸጣል። አሜሪካ ያሉ ዘመዶቻችን በደንብ ያውቁታል። ቤት ሊከራዩ ወይም መኪና ሊገዙ ሲሄዱ «ክሬዲትህ እንዴት ነው?» የሚባሉት ከእንዲህ ዓይነቱ መዝገብ ነው። ማንም አፑን አላወረደም። ማንም «እስማማለሁ» የሚለውን አልነካም። በ2017 የ147 ሚሊዮን ያህል ሰዎች መረጃ ከዚያ ተዘረፈ። ስም፣ የልደት ቀን፣ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ሳይቀር። ሌቦቹ የገቡት በታወቀ የሶፍትዌር ቀዳዳ ነው። መድፈኛው ሁለት ወር ያህል ቀደም ብሎ ተለቅቆ ነበር፤ ኩባንያው ሳይደፍነው ቀረ። በ2020 የአሜሪካ መንግሥት ክስ መሠረተ። ተከሳሾቹ አራት የቻይና ጦር አባላት ናቸው።

አያችሁ? ክሱ እውነት ከሆነ ቻይና ያን ሁሉ መዝገብ ያገኘችው በጭፈራ አፕ አይደለም። ከአንድ አሜሪካዊ ኩባንያ መጋዘን ነው። ሠራተኛው ያገር ልጅ፣ ሰርቨሩ ያገር ቤት፣ ደንበኛው ያገር ሰው። ምንም አላዳነም።

ደግሞ ዛሬ ዛሬ መስረቅም አያስፈልግ። በ2020 የወጣ የጋዜጠኞች ምርመራ የሙስሊሞችን የሶላት ሰዓት የሚያሳውቅ አንድ አፕ የተጠቃሚዎቹን ቦታ ለአንድ ዳታ ነጋዴ ያቀብል እንደነበር አሳየ። ነጋዴው አሜሪካዊ ነው። ዳታው በተቋራጮች በኩል ለአሜሪካ ጦር ይደርስ ነበር። አሜሪካ ውስጥ ሆኖ የሚሰግድ ሰው ይህን ሲሰማ የትኛውን መንግሥት ይፍራ?

ወደ አገራችን እንምጣ። «ያገር ኩባንያ የራሳችን ነው» ይላሉ ጸሐፊው።

ለመሆኑ ያገር ኩባንያ የቱ ነው? ኢትዮ ቴሌኮም በአብዛኛው የመንግሥት ነው፤ ኔትወርኩን የዘረጉት ግን የቻይናዎቹን ሁዋዌና ዜድቲኢን የመሳሰሉ ናቸው። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ እዚሁ ተመዝግቧል፣ ሱቁም እዚሁ ሰፈራችን ነው፤ ከባለድርሻዎቹ ግን የኬንያ፣ የደቡብ አፍሪካ፣ የጃፓን ኩባንያዎች አሉበት። ፋይዳ የእኛ መታወቂያ ነው፤ ሥርዓቱ የቆመው ሕንድ ውስጥ በተጀመረው ሞሲፕ በተባለ ክፍት ሶፍትዌር ላይ ነው። ለነቀፋ አይደለም ይህን ያነሣሁት። ጥሩ ነገር ከየትም ይምጣ። ግን ጸሐፊው በቀይ እስክሪብቶ ያሰመሩት መስመር የት ጋ እንደሚያልፍ እኔ አልታየኝም።

ዋናው ነገር ደግሞ ይህ አይደለም። ዋናው ማን ምን ያውቃል የሚለው ነው። ቲክቶክ የትኛው ቪዲዮ ላይ እንደቆየሁ ያውቃል። ሌሊት እንቅልፍ አጥቼ የበግ ቅቅል ሲሠራ የማይ ሰው መሆኔን ያውቃል። ይህ ነገር ቢወጣ አፍራለሁ። ቤተሰብም ይስቅብኛል።

ስልኬ ኪሴ ውስጥ ዝም ብሎ ተቀምጦም ቢሆን በአቅራቢያው ካለ አንቴና ጋር ይነጋገራል። ስለዚህ ቴሌኮም ድርጅቱ ቀን የት እንደምውል፣ ማታ የት እንደማድር ሊያውቅ ይችላል። ለማን ደወልኩ፣ በስንት ሰዓት፣ ስንት ደቂቃ አወራሁ፣ ይህ ሁሉ ሒሳብ ለመሥራት ሲባል ይመዘገባል። ሲም ካርዱ በመታወቂያ የወጣ ነው። የሞባይል ገንዘቡ ደግሞ ለእናቴ ስንት እንደላክሁ፣ የቤት ኪራይ ለማን እንደከፈልኩ ያውቃል። ለፋይዳ ዐሥር ጣቴን፣ ሁለት ዓይኔንና ፊቴን ሰጥቻለሁ። የይለፍ ቃል ቢወጣ ይቀየራል። አሻራ ቢወጣስ? በሉ ንገሩኝ።

ፋይዳን አውጥቻለሁ፤ ሰውም ያውጣ እላለሁ። በሞባይል ገንዘብ መላክም ወረፋ ገላግሎናል። የምለው ሌላ ነው። ሊጎዳኝ የሚችለው ዳታ አብዛኛው ያለው ቅርብ ነው። ቤጂንግ ያለ ባለሥልጣን እኔን ከሥራ አያባርረኝም፤ ብድር አይከለክለኝም፤ በሌሊት በሬን አያንኳኳም። ጸሐፊው ፍርሃታቸውን በኪሎ ሜትር ነው የለኩት፤ የራቀውን አብዝተው ፈሩ።

«አይሸጠንም» ላይ ደግሞ አንድ የራሴን ላውራ። አንድ ቀን ሰፈር ውስጥ ኦቾሎኒ ገዛሁ። በወረቀት ተጠቅልሎ፣ እንደምታውቁት። እየበላሁ ወረቀቱን ሳየው የአንድ ድርጅት የደንበኛ ማመልከቻ ነው። ሙሉ ስም እስከ አያት፣ ስልክ ቁጥር፣ ወረዳ፣ የቤት ቁጥር፣ ፊርማ። ከሥሩ የአንዲት ሴት መታወቂያ ፎቶ ኮፒ አለ፤ ፊቷ ጠቁሮ ግማሹ በዘይት ርሷል። የትኛው ድርጅት እንደሆነ አልናገርም። ብቻ ስሙን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ጸሐፊው ልክ ናቸው፣ የዚያችን ሴት ዳታ ለባዕድ የሸጠው የለም። በኪሎ ነው የተሸጠው፣ ከአሮጌ ወረቀት ጋር።

ይህ የወረቀት ዘመን ቅሪት ነው የሚል ይኖራል። እሺ፣ በ2024 የሆነውን እናንሣ። በመጋቢት ወር የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ተዛባና ደንበኞች አካውንታቸው ውስጥ የሌለ ገንዘብ አወጡ። ብዙዎቹ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩ። ባንኩ መልሱ አለ፤ አብዛኛው ተመለሰ። ባልመለሱት ላይ ግን ባንኩ ስማቸውን ይፋ አደረገ፤ ፎቶአቸውንም ቅርንጫፎች ደጃፍ ላይ ሰቀለው። ገንዘቡን ማስመለስ መብቱ ነው። የሰው ገንዘብ የወሰደ ይመልስ። ለዚህ ፖሊስ አለ፣ ፍርድ ቤት አለ። ደንበኛው ለባንኩ ፎቶውን የሰጠው ግን አካውንት ሊከፍት ነው። ለግድግዳ አልሰጠም። ያኔ ብዙ ሰው ሳቀ፤ «ይበላቸው» አለ። እኔን የገረመኝ ፎቶው አይደለም፤ ይህን ማድረግ ይቻላል ወይ ብሎ የጠየቀ ሰው ማነሱ ነው።

ሦስተኛው ነጥብ «ሰርቨሩ እዚህ ቢሆን ደኅና ነን» የሚለው ነው። ለዚህ መልሱ እዚሁ አዲስ አበባ፣ ሜክሲኮ አካባቢ ቆሟል። የአፍሪካ ኅብረት ሕንፃ። ቻይና ሠርታ በጥር 2012 ያስረከበችው። በጥር 2018 የፈረንሳዩ ለ ሞንድ ጋዜጣ እንዳወጣው ከሆነ የኅብረቱ የኮምፒውተር ሰዎች አንድ ነገር ግራ ገባቸው። ሕንፃው ውስጥ ሰው በሌለበት፣ ከእኩለ ሌሊት እስከ ስምንት ሰዓት ባለው ጊዜ የኔትወርኩ ፍሰት ያብጣል። ተከታትለው ሲያዩት ዳታው እየተቀዳ ሻንጋይ ወዳሉ ሰርቨሮች ይሄዳል። ለዓመታት፣ በየሌሊቱ። ቻይና ፈጽሞ ውሸት ነው አለች፤ የኅብረቱ መሪዎችም አስተባበሉ። ኅብረቱ ግን ሰርቨሮቹን ቀይሮ ነበር።

ዘገባውን እመኑት አትመኑት፣ ለክርክራችን የሚጠቅመው ነገር ግልጽ ነው። ሰርቨሩ የነበረው አዲስ አበባ ነው። ቁልፉ ማን ጋ እንዳለ፣ ማን እንደገጠመው፣ ማን እንደሚቆጣጠረው ካልታወቀ ሰርቨሩ ቦሌ ቢሆን ወይም ደብሊን ምን ይፈይዳል?

አራተኛው፣ ቻይናና ሕንድ ተሳካላቸው የሚለው ነው። ምኑ ነው የተሳካው? ቻይና የራሷን አፖች ሠርታለች፤ በንግድ በኩል አዎ። በዳታ በኩል ግን በ2022 ክረምት አንድ ሰው ከሻንጋይ ፖሊስ ዳታቤዝ የወጣ ነው ያለውን የአንድ ቢሊዮን ሰው መዝገብ በ10 ቢትኮይን ለገበያ አቀረበ። ሕንድ በሰኔ 2020 ቲክቶክን ከሌሎች 58 የቻይና አፖች ጋር አገደች። ተጠቃሚው ወዴት ሄደ? በብዛት ወደ ኢንስታግራምና ዩቲዩብ፣ ማለትም ከአንዱ ባዕድ ወደ ሌላው ባዕድ። የትዊተር ምትክ ይሆናል የተባለው የሕንዱ ኩ በ2024 ተዘጋ። የአገሪቱ የራሷ ዲጂታል መታወቂያ አድሃርስ? በ2018 መጀመሪያ አንዲት ጋዜጠኛ በዋትስአፕ ለተገናኘችው ደላላ 500 ሩፒ ከፈለች። በደቂቃዎች ውስጥ የሰዎችን ስም፣ አድራሻና ስልክ የሚያሳይ መግቢያ ተሰጣት። መሥሪያ ቤቱ የአሻራ ዳታ አልወጣም ብሎ አስተባበለ፤ ጋዜጠኛዋም በፖሊስ ክስ ውስጥ ስሟ ተጠቀሰ። የእኛ ፋይዳም የቆመው ሕንድ ውስጥ በተጀመረ ሶፍትዌር ላይ ስለሆነ ታሪኩን ማወቅ አይከፋም።

አሁን ጸሐፊው ጨርሶ ወዳላነሡት ነገር ልግባ። «የሚሰልለን ባዕድ ነው» ሲሉ አንባቢው ያገሩ ሰው ተሰልሎ የማያውቅ ሊመስለው ይችላል። አሜሪካ ሜሪላንድ የሚኖር አንድ ትውልደ ኢትዮጵያዊ በ2014 የኢትዮጵያን መንግሥት እዚያው አሜሪካ ከሰሰ። ስሙን ደብቆ «ኪዳኔ» በሚል መጠሪያ ነው የከሰሰው። ክሱ እንዲህ ይላል። በኢሜይል የተላከ የወርድ ፋይል ሲከፈት ፊንስፓይ የተባለ የስለላ ሶፍትዌር ኮምፒውተሩ ላይ ተጫነ። የስካይፕ ጥሪዎቹን ይቀዳ ነበር፤ ቤተሰቡ ኢንተርኔት ላይ የሚያደርገውንም ይመዘግብ ነበር። በ2017 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ክሱን ዘጋው፤ ድርጊቱ ሙሉ በሙሉ አሜሪካ ምድር ላይ አልተፈጸመምና የውጭ መንግሥትን በዚህ መክሰስ አይቻልም ብሎ። የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲው ሲትዝን ላብም በእነዚያ ዓመታት ውጭ አገር ባሉ ኢትዮጵያውያን ጋዜጠኞችና ተቃዋሚዎች ላይ ያነጣጠሩ የስለላ ሶፍትዌሮችን ደጋግሞ አጋልጧል። መሣሪያዎቹ የአውሮፓና የእስራኤል ኩባንያዎች ሥራ ነበሩ። መሣሪያው የውጭ፣ ክሱ ወደ ቤት። ይህን የት ረድፍ ላይ እናስቀምጠው?

በነሐሴ 2021 ደግሞ የመንግሥት የኔትወርክ ደኅንነት መሥሪያ ቤት የሆነው ኢንሳ የፌስቡክ፣ የትዊተር፣ የዋትስአፕና የዙም ያገር ውስጥ ምትክ እየሠራሁ ነው ብሎ ነበር። ኢትዮጵያውያን ኢንጂነሮች ይህን መሥራት እንደሚችሉ አልጠራጠርም። ጥያቄዬ ስለ ችሎታ አይደለም። የኔትወርክ ደኅንነት የሚጠብቅ መሥሪያ ቤት ራሱ የመልእክት መላኪያ ሲሠራ፣ ከመልእክቶቹ ጋር ምን እንደሚያደርግ ማን ይቆጣጠረዋል? ይህ ካልተመለሰ አዲሱን አፕ ማውረድ የምፈራው በባዕድነቱ አይደለም።

«ከወገኑ የሚደብቅ ጥፋት ያለበት ብቻ ነው» የሚለውን በአጭሩ ልለፈው። ጽሑፉ የጸሐፊ ስም የለበትም። ስማቸውን አለማውጣት መብታቸው ነው። ጥፋት አለባቸው ብዬም አላምንም።

የጽሑፉ ጠንካራ ነጥብ የመጨረሻው ነው፤ «ቢያጠፋ እዚሁ እንጠይቀዋለን»። እዚህ ላይ ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። አሁን ሕጉ አለ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016። ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። በአዋጁ መሠረት አንድ ድርጅት ስለ እኔ ምን እንደያዘ የመጠየቅ፣ ስሕተት ካለ የማሳረም፣ በሕጉ ሁኔታዎች ደግሞ የማሰረዝ መብት አለኝ። ገርሞኝ የቀረው ጸሐፊው ይህን አዋጅ አንድም ቦታ አለማንሣታቸው ነው። አጥፉ፣ አጥፉ፣ አጥፉ ብቻ! እስቲ አንድ ቀን ወደ ባንካችሁ ወይም ወደ ቴሌኮም ሱቅ ጎራ በሉና «በአዋጁ መሠረት ስለ እኔ የያዛችሁትን አሳዩኝ» በሉ። መስኮቱ ጋ ያለችው ልጅ ምን ብላ እንደምትመልስ ስሙ። እሷን አትቆጡ፤ ማንም አላሠለጠናትም ይሆናል። ሥራ አስኪያጁን ጠይቁ። የሕንፃ ጥበቃው በር ላይ ስማችሁንና ስልካችሁን ደብተር ላይ ሲያስጽፍም ደብተሩ ሲያልቅ የት እንደሚሄድ ጠይቁ። እኔ የኦቾሎኒ ሻጮች ጋ ብዬ ጠርጥሬአለሁ።

ስልኩን በተመለከተ ደግሞ ቲክቶክን ማጥፋት ያሻው ያጥፋ። ከዚያ በፊት ግን የስልክ ማውጫውንና ቦታችሁን እንዳያይ ፈቃዱን ከልክሉት፤ ያለ እነሱም ይሠራል። ቴሌግራም ላይ ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን አብሩ፤ ከኮዱ በተጨማሪ የራሳችሁን የይለፍ ቃል ይጠይቃል። የቴሌግራም አካውንት የሚከፈተው በኤስኤምኤስ በሚመጣ ኮድ ነው፤ ያ ኮድ ደግሞ የሚመጣው በአገር ውስጥ ሲም ነው። ሲሙ በሌላ ሰው እጅ ከገባ የውጩ አፕ ብቻውን አያስጥላችሁም። ደግሞ ተራው የቴሌግራም ቻት ከጫፍ እስከ ጫፍ የተቆለፈ፣ ማለትም ከተነጋጋሪዎቹ በቀር ማንም የማያነበው አይደለም፤ እንዲያ የሚሆነው ምስጢራዊ ቻት (ሲክሬት ቻት) የሚባለው ብቻ ነው። ይህን ስነግራቸው የሚደነግጡ ሰዎች ብዙ ናቸው።

«ታዲያ የፌስቡክ ጠበቃ ነህ?» ለሚለኝ፣ አይደለሁም። የውጭ ኩባንያን ለመጠየቅ ስንት መንገድ እንደሚኬድ ለማየት ወደ ናይሮቢ መመልከት ይበቃል። በኅዳር 2021 የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር የነበሩ አባት ቤታቸው ደጃፍ ላይ ተገደሉ። ልጃቸው በታኅሣሥ 2022 ሜታን ኬንያ ውስጥ ከሰሰ፤ ለአካባቢው ይዘት የሚገመግሙት ሠራተኞች ናይሮቢ ነበሩና። በክሱ እንደተባለው ከግድያው በፊት የአባቱ ስም፣ ፎቶና የሚገኙበት ቦታ ጥላቻ ከሚቀሰቅስ ጽሑፍ ጋር ፌስቡክ ላይ ወጥቶ ነበር። እንዲነሣለት ለኩባንያው ደጋግሞ አመልክቷል። ሜታ የኬንያ ፍርድ ቤት ሊዳኘኝ አይችልም ብሎ ተከራከረ። በሚያዝያ 2025 ፍርድ ቤቱ «እችላለሁ» አለ። ጉዳዩን ለማየት መቻሉን ብቻ ለመወሰን ከሁለት ዓመት በላይ ፈጅቷል።

ጸሐፊው «ባዕድ አይጠየቅም» ለማለት ይህን ማንሣት ነበረባቸው፤ ከቤጂንጉ ሰላይ ይልቅ ይበልጥ ያስረዳላቸው ነበር። ካነሡት ግን ሌላውንም ማየት ግድ ይሆንባቸዋል። የእኚያ አባት አድራሻ የወጣው አሜሪካዊ መድረክ ላይ ነው። ተጠቅመውበታል የተባሉት ግን ደጃፋቸው ድረስ በእግራቸው መምጣት የሚችሉ ሰዎች ነበሩ።